ሳይራገፍ የቀረው ጨርቅ

ይድረስ ለምወድህ ወንድምዓለሜ፣

እንዴት ሰነበትህ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጣ እንደ አሮጌ በር ይጮህ የነበረው ተሻለህ ወይስ ባሰበት? ባለቤትህ ስኳሯ ተስተካከለላት? ጣሪያችሁ ላይ ያለችው ቀዳዳ ተደፈነች ወይስ ዛሬም ባልዲ ደቅናችሁ ነው የምትተኙት? አንድ በአንድ መልስልኝ። «ሁላችንም ደህና ነን» ብለህ በጅምላ የምትልከውን መልስ እንደማልቀበል ታውቃለህ።

እኔ በጤናዬ በኩል ደህና ነኝ። ሙቀቱ እግሬን ያሳብጠዋል እንጂ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ። ልጄም ደህና ናት። የልጅ ልጄ ስምንት ወር ሞልቷት ሁለት ጥርስ አብቅላለች፤ በሁለቱም ጣቴን ትነክሰኛለች። ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፉን ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ደውዬልሃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብና ስለ ጉልበትህ አውርተን ዘጋሁት። በስልክ ብነግርህ ገና ከመጀመሬ «ተይው እትዬ፣ ያለፈ ነገር ነው» ብለህ ታቋርጠኝ ነበር። ወረቀት ግን አይቋረጥም።

ነገሩ ስለ ታናሽ እኅታችን አሟሟት ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመት በቤታችን ሲነገር የኖረው፣ አንተም አምነህ የተሸከምኸው ታሪክ እውነት አይደለም። ይህን ደብዳቤ አንብበህ ስትጨርስ እትዬ ብለህ ትጠራኝ እንደሆነ አላውቅም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከዚህ ቤት ተባዮች ልጀምር። ጨዋታ የምለውጥ መስሎህ እንዳትሰለች፤ መንገዱ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ነው።

ሕፃኗን ልጠብቅ የመጣሁበት የልጄ ቤት ሁለት ክፍል ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ደግሞ ከጆንያ የተሰፋ። የደረስሁ ዕለት ልጄ በሩን ስትከፍትልኝ ከመቃኑ በላይ መዳፌን የምታህል ሸረሪት ተለጥፋ አየሁ። ጠፍጣፋ ናት፣ ግራጫ ናት፣ ስትሮጥ ወደ ጎን ነው። ክው ብዬ ቆምሁ። ልጄ «ተያት እማዬ፣ ከእኛ በፊት የገባች ተከራይ ናት» አለችኝ። አማቼ ከኋላ ሻንጣዬን ተሸክሞ «እንግዳ ሲመጣ በር ድረስ ወጥታ ትቀበላለች፣ ጨዋ ናት» አለ። አሸዋ የሚያመላልስ የገልባጭ መኪና ሾፌር ነው። ቀልድ ይወዳል፤ እኔንም «ቲቸር» ነው የሚለኝ።

ከሸረሪቷ በኋላ ሌሎቹን አንድ በአንድ ተዋወቅኋቸው። የወጥ ቤቱ በረሮ የተምር ፍሬ ያህላል፤ መብራት ሲበራበት እንኳ አይቸኩልም። ቀያዮቹ ጉንዳኖች ከመስኮቱ ሥር እስከ ስኳር ዕቃው ተሰልፈው ይሄዳሉ፤ እኔ ያሰለፍኋቸው ተማሪዎች አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ ቀጥ ብለው አያውቁም። በእኔ አልጋ ስንጥቅ ውስጥ ትኋን ነበረ፤ በፈላ ውኃ ጨረስሁት። ኮርኒሱ ላይ እንሽላሊቶች ይሯሯጣሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁባቸውን የትምህርት ማስታወሻዎች በካርቶን ይዤ መጥቼ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ከፍቼ አንዱን ባነሣው እንደ ገለባ ቀለለኝ። ምስጥ ገብቶበታል። ሽፋኑ አልተነካም፤ ስሜ ከነማዕረጉ በቀይ ቀለም እንደተጻፈ አለ። ውስጡ ግን ጭቃ ነው። ደብተሩን ይዤ ብዙ ቆምሁ። ደብተሩ ስለጠፋ አልነበረም።

አከራያችን አጠገባችን ይኖራሉ። ሰፈሩ «ደወል» ይላቸዋል። እዚህ ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው፤ ቀኑም ሰዓቱም አይታወቅም። ቧንቧው ማንኮራፋት ሲጀምር ቀድመው የሚሰሙት እርሳቸው ስለሆኑ «ውኃ መጣ! ውኃ!» ብለው መንደሩን ያምሱታል። ገብተው ቤቱን አዩልኝና «ሸረሪቷን አይንኳት፣ ዘበኛ ናት። እዚህ የሚፈራው ጊንጥ ነው። ሕፃን ከማስተኛትዎ በፊት ጨርቁን ያራግፉ» አሉኝ። እንደ ቀላል ነገር ተናግረው ስለ ውኃው ማውራት ቀጠሉ። እኔ የበሩን መቃን ይዤ ነበር። ቃል በቃል የእማማ ንግግር ነበር።

ከዚያ ወዲያ ምን እንዳደረግሁ መገመት አያቅትህም። ባለመስመር ደብተር ገዛሁና አሰመርሁበት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የተባዩ ዓይነት፣ የታየበት ቦታ፣ የተወሰደ እርምጃ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ «ጨርቅ ተራግፏል» ብዬ ጻፍሁ። የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ በሲሚንቶ ደፈንሁ። የሕፃኗን አልጋ ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቅሁና አራቱን እግሮች ነጭ ጋዝ ባለባቸው የወተት ቆርቆሮዎች ውስጥ አቆምኋቸው። የምትተኛበትን ድርብ ጨርቅ በቀን ሁለት ጊዜ ደጅ አውጥቼ አራግፈዋለሁ፣ እገለብጠዋለሁ፣ እንደገና አራግፈዋለሁ፣ ስፌቱን በጣቴ እየዳሰስሁ ፀሐይ ላይ አየዋለሁ። ልጄ «እማዬ፣ ስም ስትጠሪ የቀረ ሸረሪት አለ?» ትለኛለች። አማቼ ደግሞ ለጓደኞቹ «የእኛ ቤት በረሮ ካረፈደ ቲቸር ታንበረክከዋለች» ብሎ እንዳወራ ሰምቻለሁ። እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልተናገርሁም። ቀትር ላይ ሁሉም ሥራ ውሎ፣ ሕፃኗ ተኝታ፣ ቤቱ ጭር ሲል ቆርቆሮው በሙቀት ጧ፣ ጧ ይላል። አባባ የመንገድ ሥራ ካፖ፣ የሠራተኞች አለቃ፣ በነበረበት ካምፕ፣ በዚያ የቆርቆሮ ቤት እንሰማው የነበረው ድምፅ ነው። ያን ስሰማ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማኛል። ልቅሶዋ አጭር ነው፤ አንድ ጊዜ ጮሃ ዝም ትላለች። ተነሥቼ አልጋው ጋ እሄዳለሁ። የልጅ ልጄ አፏን ከፍታ በሰላም ተኝታለች። ተመልሼ እቀመጣለሁ። ትንሽ ቆይታ ትደግመዋለች። ጆሮዬ ይሆናል ብዬ ሐኪም አሳይቻለሁ፤ ጆሮዬ ከልጅ ጆሮ አያንስም አለኝ። ያ ልቅሶ የማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ለሐኪሙ ግን አልነገርሁትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ነው። ልጄ ሥራ ገብታ፣ አማቼም በጠዋት ወጥቶ ነበር። አምስት ሰዓት ገደማ ሕፃኗን አዝዬ፣ ጨርቋን በክንዴ ይዤ ደጅ ወጣሁ። ደብተሩና እርሳሱ እጄ ላይ ነበሩ፤ የጉንዳኖቹን መዝግቤ መጨረሴ ነበር። እርሳሱን ከያዝሁ አይቀር ብዬ «ጨርቅ ተራግፏል» በሚለው ሥር ምልክቱን አስቀድሜ አደረግሁ። ይህ የአስተማሪ በሽታ ነው። ርእሰ መምህሩ ደብተር ሊያይ ሲመጣ ገና ያላስተማርነውን «ተሰጥቷል» ብለን እንሞላና ከዚያ እናስተምራለን። ብዙውን ጊዜ እናስተምራለን።

ምልክቱን አድርጌ ቀና ሳልል «ውኃ መጣ!» ተባለ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በደወል የኖረ ሰው ደወል ሲሰማ እግሩ ከራሱ ይቀድማል። ጨርቁን ደጅ ካለው የድንጋይ ክምር ላይ ጣል አደረግሁና ልጅቷን እንዳዘልሁ ጀሪካኖቹን ይዤ ሄድሁ። ሰልፉ ረዥም ነበር። ከአንዲት ጎረቤት ጋር ተራ ተሻምተን፣ ተኮራርፈን፣ መልሰን ታርቀን፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየሁ። ስመለስ ልጅቷ ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ጨርቁን ከድንጋዩ ላይ አነሣሁ። ሞቋል። አራግፌዋለሁ? ብዬ አሰብሁ። ደብተሩን አየሁት፤ ምልክቱ አለ። የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው፤ የገዛ እጄን ጽሑፍ ተጠራጥሬ አላውቅም። አነጠፍሁትና አስተኛኋት።

ሰባት ሰዓት ላይ ልጄ ልታጠባት መጣች። ልጅቷን አንሥታ በአንድ ክንዷ ታቀፈችና በሌላው እጇ ጨርቁን ልታስተካክል ብድግ ስታደርገው ከእጥፉ ውስጥ አንድ ነገር ሲሚንቶው ላይ ጠብ አለ። ገለባ የመሰለ ቢጫ ጊንጥ ነው፤ ጅራቱን አቁሟል። ልጄ አልጮኸችም። በጫማዋ ተረከዝ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ረገጠችው። ከዚያ ሕፃኗን አልጋዬ ላይ አስተኝታ ከራሷ እስከ እግሯ እያገላበጠች አየቻት። ምንም አልነካትም። ልጅቷ ጨዋታ መስሏት ትስቃለች። ልጄ ዞር ብላ «እማዬ፣ አላራገፍሽውም እንዴ?» አለችኝ።

እኔም «እኔማ ለባልሽ ነግሬው ነበር፤ ረስቶት ይሆናል» አልኋት።

ወንድሜ፣ ይህን አስቤ አልተናገርሁትም። ከአፌ ሲወጣ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነው የሰማሁት። ድምፁ የማን እንደሆነ ግን ወዲያው አወቅሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ድምፅ ነው። «እኔማ ነግሬው ነበር፤ ረስቶት ነው።» ይህን ቃል መቼ፣ ለማን፣ ስለ ማን ብዬው እንደነበር አንተ አትረሳውም።

እንግዲህ የዚያን ቀን የሆነውን ልንገርህ፤ በደንብ አንብበው። እማማ ልብስ ልታጥብ ወደ ወንዝ ወረደች። ሕፃኗን ለእኔ ነው የሰጠችኝ። «ከማስተኛትሽ በፊት ጨርቁን አራግፊ» ያለችው ለእኔ ነው። አንተ ስድስት ዓመትህ ነበር፤ ከቤቱ ጀርባ በሽቦ መኪናህ ትጫወት ነበር። እኔ የካምፑ ጸሐፊ ያዋሰኝን መጽሐፍ ይዤ ነበር፤ ሰውዬው ማታ ይመለስልኝ ስላለ ሳይመሽ ልጨርሰው እሽቀዳደም ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ እያነበብሁ ሕፃኗ እጄ ላይ አንቀላፋች። ገብቼ፣ ጨርቁን ሳላራግፍ፣ አስተኝቻት፣ ተመልሼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ። ጥቂት ቆይታ አንድ ጊዜ ጮኸች። ሰምቻታለሁ። ሕልም አይታ ይሆናል ብዬ ገጹን ጨረስሁ። ከዚያም ቀጣዩን ገጽ ገለጥሁ።

እማማ ከወንዝ ስትመለስ ልጅቷ ጊንጥ ነድፏት ከንፈሯ ጠቁሮ፣ አረፋ ደፍቃ ነበር። የካምፑ መኪና ሐኪም ቤት ሊያደርሳት ተነሣ፤ አልደረሰም። ምሽቱን አባባ ሁለታችንንም ፊቱ አቁሞ «ጨርቁን ያላራገፈ ማነው?» ሲል እኔ አንተን አየሁህ። እማማ ለእኔ እንዳዘዘችኝ ያውቅ ነበርና ለራሴ መውጫ ስፈልግ «እኔማ አራግፈው ብዬ ነግሬው ነበር፤ ረስቶት ነው» አልሁት። አንተ የሽቦ መኪናህን እንደያዝህ «አልነገረችኝም» አልህ። አባባ በጥፊ መታህ። ሁለተኛም «አልነገረችኝም» አልህ። በማግስቱ ዝም አልህ። በሦስተኛው ቀን ማንም ሳይጠይቅህ ወደ እማማ ሄደህ «ነግራኝ ነበር፤ ረሳሁት» አልሃት። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ሰማሁህ። ስትናገር አልዋሸህም። ያልነገርሁህ ነገር ትዝ ብሎህ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስምህ «ዝንጉው» ሆነ። አባባ ሲቆጣም ሲቀልድም ዝንጉው ይልህ ነበር። አክስታችን ዛሬም ዝንጉው ነው የምትልህ። የመጋዘን ኃላፊ ሆነህ የአንድ ሚስማር ጉድለት ሳይገኝብህ ስትኖርም ዝንጉው ነህ። ማታ መጋዘኑን ቆልፈህ፣ መንገድ ጀምረህ፣ ሦስት ጊዜ ተመልሰህ ቁልፉን እንደምትነካ ባለቤትህ እየሳቀች ስትነግረኝ አብሬ ስቄያለሁ። ለምን እንደምትመለስ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የመጀመሪያ ልጅህ የተወለደች ጊዜ አራስ ጥየቃ መጥቼ ልጅቷን ላስታቅፍህ ስል «እጄ ቆሻሻ ነው» አልኸኝ። እጅህን ስትታጠብ ያየሁህ እኔ ነኝ። ሦስት ልጆች ወለድህ፤ ሦስቱም በእግራቸው እስኪሄዱ አላቀፍሃቸውም።

እማማ ሳታውቅ የሞተች እንዳይመስልህ። በመጨረሻው ሕመሟ እኔ አጠገቧ ሳለሁ፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ አልጋው ላይ ሳለች፣ «ልጄ፣ ያን ቀን እውነት ነግረሽው ነበር?» አለችኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ዳኛም፣ አባትም፣ ጥፊም አልነበረም። «አዎ፣ እማማ» አልኋት። «እንግዲያስ ይሁን» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የመጀመሪያውን ውሸት የልጅ ነው ልትለኝ ትችል ይሆናል። ይህኛው ግን የልጅ አይደለም።

በማስተማር ዘመኔ ሁሉ «ረሳሁ» ያለኝን ተማሪ ቀጥቼ አላውቅም። ልጆቹ ደርሰውበት ክፍሉ ሙሉ «ረሳሁ ቲቸር፣ ረሳሁ ቲቸር» ይሉኝ ነበር። ባልደረቦቼ ልቧ ለስላሳ ነው ይሉኝ ነበር። እኔም እቀበለው ነበር።

ወደ ማክሰኞው ልመለስ። አማቼ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲገባ ልጄ በር ላይ ጠበቀችው። «ልጅህን ልትገድላት ነበር! አራግፍ ተብለህ እንዴት ትረሳለህ?» ብላ ጮኸችበት። የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ቆመ። ወደ እኔ አየ። ምንም እንዳልነገርሁት እርሱም እኔም እናውቃለን። አንድ ቃል ቢናገር እዚያው ባለቀ ነበር። ግን ከአማት ጋር እሰጥ አገባ አልፈለገም መሰለኝ፣ ራሱን እከክ እከክ አድርጎ «እንጃ… ነግራኝ ይሆናል። ጠዋት ቸኩዬ ነበር» አለ። እኔ ሽንኩርት ይዤ ነበር፤ መክተፌን ቀጠልሁ።

በማግስቱ ከመውጣቱ በፊት ጨርቁን ደጅ ወስዶ ሲያራግፍ አየሁት። ገባና መልሶ ወጥቶ ደገመው። መኪናውን አስነሥቶ ከሄደ በኋላ ከመንገድ ተመልሶ «ጨርቁን አራግፌዋለሁ አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀልዱ ጠፋ። ሸረሪቷንም፣ በረሮውንም፣ እኔንም መቀለጃ ማድረግ ተወ። ሐሙስ ከሥራ ሲገባ ልጄ ሕፃኗን ልትሰጠው እጇን ዘረጋች። እርሱም ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዶ «እጄ ቆሻሻ ነው» አላት። እጁ እርጥብ ነበር። ታጥቦ መውጣቱ ነበር።

ያን ጊዜ ቆርቆሮው አልጮኸም፤ ሕፃንም አላለቀሰችም። አንተን ነበር ያየሁት።

ዓርብ ጠዋት ሥራ ከመውጣታቸው በፊት ሁለቱንም አስቀመጥኋቸውና ተናገርሁ። በመጀመሪያ የማክሰኞውን፣ ቀጥሎ የካምፑን፣ ቀጥሎ የእማማን። በቅደም ተከተል፣ ምንም ሳላስቀር። ደብተሩንም ከፍቼ ምልክቱን አሳየኋቸው። ቀድሞ የተናገረው አማቼ ነው። «ቲቸር፣ እኔኮ ሐኪም ጋ ልሄድ ነበር። ያልነገርሽኝ ነገር ትዝ እያለኝ ነበር። ጠዋት ጨርቁን ስትሰጪኝ ሁሉ ይታየኝ ነበር» አለ። ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ተነሥቶ ልጁን ከአልጋው አንሥቶ ታቀፈና ደጅ ወጣ። ሥራ እስከሚረፍድበት ድረስ እዚያው ታቅፏት ቆመ።

ልጄ ግን አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። እኔ እንዳስተማርኋት ቀስ ብላ «ለምን?» አለችኝ። «ፈርቼ» አልኋት። «ምን ፈርተሽ?» አለችኝ። ማክሰኞ ማንም አይቀጣኝም፣ ማንም በጥፊ አይመታኝም ነበር። «አንቺ እንዳትርቂኝ» አልኋት በመጨረሻ። «አሁንስ?» አለችና ቦርሳዋን አነሣች። ከበሩ ላይ ሆና «ለአጎቴ ጻፊለት፤ እስክትጽፊለት ድረስ በዚህ ነገር አታናግሪኝ» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕፃኗ የምትውለው ከደወል ጋር ነው። ልጄ ጠዋት ስትወጣ በእኔ ክፍል በር አልፋ ትወስዳታለች። እኔ ቀን ቀን ብቻዬን ነኝ። ደወል ነገሩን ጠንቅቀው ባያውቁም አንድ ቀን ገብተው «ምን ሆናችኋል? ሰው ከጊንጥ ይጣላል እንጂ ከልጁ ይጣላል?» አሉኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኋቸው። «እንግዲያማ ቅጣትዎን ይጨርሱ፤ ልጅቷ አታመልጥዎትም» ብለውኝ ወጡ። ልጄ ልክ ናት። የልጄን እምነት እንደገና ማግኘቴ በእኔ እጅ አይደለም፤ ጊዜ ይወስዳል። የወሰደውን ያህል ይውሰድ።

ልቅሶው ይሰማሻል ወይ ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ይሰማኛል። ከተናዘዝሁ በኋላ ይጠፋል ብዬ ነበር፤ አልጠፋም። አሁን ግን አልሸሸውም። ስትጮኽ እነሣለሁ። ባዶው አልጋ ጋ ሄጄ እቆማለሁ። ያን ቀን መሄድ የነበረብኝ እዚያ ነበርና።

ወንድምዓለሜ፣ ይቅር በለኝ ብዬ አላስቸግርህም። ሃምሳ ስድስት ዓመት የተሸከምኸውን በአንድ ወረቀት አውርደው ማለት ድፍረት ነው። ብትቆጣ ተቆጣ፤ ደብዳቤዬን ብትመልሰውም እቀበላለሁ። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ ለብቻህ አንብበህ እንዳትደብቀው። አውቅሃለሁ፤ ልትሸፍንልኝ ትፈልጋለህ። ለባለቤትህና ለልጆችህ ጮክ ብለህ አንብብላቸው። ለአክስታችንም በእጄ የጻፍሁት ሌላ ወረቀት ደርሷታል፤ ከእንግዲህ ዝንጉው ብላ ብትጠራህ አቤት አትበላት። አንተ ምንም አልረሳህም። ማንም ምንም አልነገረህም። ስድስት ዓመትህ ነበር፤ የሽቦ መኪና ትነዳ ነበር።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ስለ ቁልፉ ስትስቅ አብሬ በመሳቄ ይቅርታ እንደጠየቅኋት ንገራት። ለትልቁ ወንድ ልጅህ፣ ሥራ ፍለጋ ላይ ላለው፣ አይዞህ በልልኝ፤ ማመልከቻውን ሲጽፍ ከመላኩ በፊት ሁለት ጊዜ ያንብበው። ለትንሹም፣ ፈተናው እንደደረሰ ሰምቻለሁና በርታ ብላሃለች በለው። ለጎረቤታችሁ ለአናጢው፣ ቀዳዳዋን እስኪደፍን ድረስ ሰላም አልለውም። ለአክስታችን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ሴቷን ልጅህን እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ፤ ሴት ልጅ መውለዷን ከእናቷ ሰማሁ። ባለቤትህ ስትነግረኝ «አያትየው እስካሁን አልታቀፋትም» ብላ ነበር የጨረሰችው። ለዚያች አራስ ልጅ ሰላምታዬን በቃል እንዳታደርስልኝ። እጅህን ታጠብ፣ ተቀመጥ፣ ታቅፈህ አድርስልኝ።

እኅትህ

ከልጄ ቤት፣ ከደጃፉ ላይ፣
ሚያዝያ ፲፱ ቀን፣ እሑድ ቀትር